ሰባቱ ነጭ ድንጋዮች

ፌስተስ ጎሃን ጠዋት ጠዋት ላሟን አልቦ ሲጨርስ ባልዲውን ደጃፉ ላይ ያስቀምጥና በባሕሩ አፋፍ ወዳለችው ቁራሽ መሬቱ ይወርዳል። ጊደሮች የገፏቸውን ነጭ ድንጋዮች አንድ በአንድ ያነሣል፤ ጭቃቸውን በእጅጌው ይጠርጋል፤ በየቦታቸው ይመልሳል። ድንጋዮቹ አርባ አንድ ናቸው። አንዱም ላይ ስም አልተጻፈም።

መሬቷ ሊሺን ትባላለች። ክርስትና ሳይነሡ የሞቱ ሕፃናት የሚቀበሩት እዚያ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቦታ አልነበራቸውም። አባትየው ሣጥኑን በብብቱ ይዞ ይመጣል፤ የፌስተስ አባት፣ በኋላም ፌስተስ ራሱ፣ አካፋ ይዞ ይጠብቀዋል። ቄስ አይመጣም። እናት አትመጣም። ሁለቱ ወንዶች ቆፍረው፣ ከባሕሩ ዳር የለቀሙትን ነጭ ድንጋይ አስቀምጠው ሲመለሱ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ሳያውቅ ከሕፃናቱ አንዱን የረገጠ ሰው መንገድ ይጠፋበታል፤ ኮቱን ገልብጦ እስኪለብስ ድረስ በገዛ ማሳው ውስጥ ሲዞር ይውላል ይባላል። ስለዚህ በሊሺን አቋርጦ የሚያልፍ የለም።

መጠጥ ቤት ውስጥ ግን በፌስተስ ይቀልዱበታል። ሚስት ሳያገባ የአርባ አንድ ልጆች አባት የሆነ በመላው አየርላንድ እሱ ብቻ ነው ይሉታል። እሱም ከብርጭቆው ቀና ሳይል፣ «የእኔዎቹ እንኳ እንደ እናንተ ልጆች አፍ አይመልሱም» ይላቸዋል።

በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ አዲሱ ቄስ በቅዳሴ ፍጻሜ ቆም ብለው፣ ቤተ ክርስቲያን በቀድሞው ሥርዓት ማዘኗን ተናገሩ። ሊሺን ትባረካለች፤ የፈለገ ቤተሰብም ልጁን አውጥቶ ከዘመዶቹ ጋር ማሳረፍ ይችላል አሉ። ሕዝቡ ጫማ ጫማውን እያየ ሰማ። ቀድማ ወደ ቄሱ የሄደችው ሳቢና ረዲ ነበረች። ዕድሜዋ ሰማንያ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ከሃምሳ ዓመት በፊት ሞታ የተወለደችባት ሴት ልጅ ነበረች፤ ከእሷ በኋላ አልወለደችም። ባሏ አንቶኒ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ልጅቷን ከእሱ አጠገብ ማሳረፍ ፈለገች። መቃብር ቆፋሪው ለቅዳሜ ተቀጠረ።

ፌስተስ ያን እሑድ እህል አልቀመሰም።

ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ ማዕበል የአፋፉን ምዕራባዊ ጫፍ ገምሶ ወስዶት ነበር። ፌስተስ ሲነጋ ቢወርድ አንድ ረድፍ መቃብር ከነአፈሩ የለም። ሰባት ነጭ ድንጋዮች ብቻ ከታች አሸዋው ላይ ተበትነዋል። በጆንያ ተሸክሞ አወጣቸውና ምንም ባልተቀበረበት ሣር ላይ እንደ ቀድሞ ተራቸው ደረደራቸው። ለሕፃናቱ አባቶች ነገ እነግራቸዋለሁ አለ። ነገ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ነገ ነበረ። ሴቶቹ ወደ ቅዳሴ ሲያልፉ በግንቡ ላይ አሻግረው እያንዳንዳቸው ወደ ድንጋያቸው ሰረቅ አድርገው ሲያዩ ይመለከታቸው ነበር። የሳቢና ከሰባቱ ሦስተኛው ነው።

ዝም ቢል የሚያውቅበት የለም። በዚያ አሸዋማ አፈር የሕፃን አጥንት ሃምሳ ዓመት አይቆይም። ቆፋሪው አፈር በልቶታል ብሎ አንድ እፍኝ አፈር ያነሣላታል፤ ቄሱ ይጸልያሉ፤ ያልቃል። ፌስተስ ሳምንቱን ሙሉ ይህን ሲያስብ ሰንብቶ ዝም ለማለት ወሰነ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሳቢና ራሷ መጣች። ሻይ አልፈልግም ብላ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ከኪሷ በነጭ ሱፍ የተሠራች ሹራብ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። እጅጌዋ ከፌስተስ ጣት አይበልጥም።

«ቆፋሪው ሳይሆን እኔ ልሸከማት ነው የምፈልገው። ያኔ አላሸከማችሁኝም» አለች። «ይከብድ ይሆን ሣጥኑ? አንተ ታውቃለህ።»

ፌስተስ ሹራቧን አየ።

«ሳቢና፣ እዚያ የለችም» አላት።

ከማዕበሉ እስከ ጆንያው ያለውን ነገራት፤ ሰበብ አልጨመረበትም። እሷም ሹራቧን እያጠፈች፣ እየዘረጋች አዳመጠችው።

«አንቶኒ ያውቅ ነበር?»

«አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም።»

ሣጥኑ ከምን እንደተሠራ ጠየቀችው። አለማወቋ ገረመው።

«ከቁም ሣጥናችሁ በር። አንቶኒ ሲመግዝ ጣውላውን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ሰማያዊ ቀለም ነበረው።»

ሳቢና ያን ሳምንት አልጋ ላይ ነበረች። ስትነሣ ቁም ሣጥኑ በር አልነበረውም፤ አንቶኒ ማጠፊያው ተሰበረ ብሏት አምናው ነበር። አሁን ሌላ ነገር ነገረችው። ከዚያ ማዕበል በኋላ አንቶኒ ከባሕሩ ዳር ክንድ የሚያህል ሰማያዊ ጣውላ ይዞ ገባ፤ ከጣሪያው ወራጅ ላይም ሰቀለው። ለማቀጣጠያ ስጠኝ ስትለው፣ በዕድሜው አንድ ነገር ከልክሏት የማያውቀው ሰው ተይው አላት። ደጋግማ ጠይቃው ደጋግሞ ተይው አላት።

«የት አለ ጣውላው?» አለ ፌስተስ።

«አንቶኒ የተቀበረ ሳምንት ብርድ ነበር» አለች ሳቢና። «ማገዶም አልቆብኝ ነበር።»

ሹራቧን ኪሷ ከትታ ተነሣች። ፌስተስ ሊደግፋት እጁን ቢዘረጋ አልፋው ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እሱም እስኪሞት ዝም አለኝ፤ አንተም ሠላሳ ዓመት ዝም አልከኝ። ሁለታችሁም ያዘናችሁልኝ ይመስላችኋል፣ አይደል?»



ለቄሱ ሐሳቤን ለውጫለሁ ብላ ላከች፤ ምክንያቱን አልተናገረችም። ቅዳሜ ቆፋሪው አልመጣም። ቄሱ ሳቢና ስላረጀች ፈርታ ይሆናል ብለው ገመቱ፤ እሑድም ለሌሎቹ እናቶች፣ አትፍሩ፣ ፌስተስ ሁሉንም ያውቃል ብለው ሰበኩ።

ሰኞ ጠዋት ፌስተስ ላሟን ሲያልብ የግቢው በር ተንኳኳ። ከሰባቱ አራተኛው ድንጋይ የልጇ የሆነው ዴልያ ማንጋን ነበረች።