ነጭ ነጠላ በገበያ ቀን

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው እሳቱን አዳፍነን ነበር። ሌላው ሰው ተረት ሲባል ቦግ ያለ ምድጃ ይታየው ይሆናል፤ ለእኔ የሚታየኝ በአመድ የተሸፈነ ፍም፣ ዓይን የሚያቃጥል ጢስና በጣሳ የተከለለ ኩራዝ ነው። በሰሜን እንገንጠል በሚሉና አትገነጠሉም በሚሉ መካከል የተነሳው ጦርነት በዕድሜ ይበልጠኝ ነበር። ያኔ ወደ እኛም ወርዶ፣ አውሮፕላን ብርሃን ያየበትን ሁሉ ይደበድባል ስለተባለ፣ ቢስቲማ አጠገብ ያለችው መንደራችን ገና ሲመሽ ድርግም ትል ነበር።

ተረት ነጋሪያችን የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ይመር ነበሩ። ቀልደኛ ናቸው፤ እንቅልፍ የሸለበውን ልጅ «አንተ! ጅቡ አንተን ነው የሚጠይቀው!» እያሉ በከዘራቸው ይነካኩታል። ደጋግመው የሚነግሩን የሦስቱን በሬዎች ተረት ነበር። ጅብ ጥቁሩንና ቀዩን በሬ «ይሄ ነጭ ወንድማችሁ በጨለማ ይታያል፤ ጠላት ይጠራባችኋል። ለእኔ ተዉልኝ» ይላቸዋል፤ እነሱም ይተዉለታል። ቀጥሎ ቀዩ፣ ከዚያም ጥቁሩ እንደሚበላ እያወቅን ሁልጊዜ እንንጫጫለን። ከሁሉ በላይ የምጮኸው እኔ ነበርኩ፤ «ወላሂ፣ እንዲህ ያሉ ደደብ በሬዎች!» እያልኩ።

በቀን ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበረን። ነጭ ከላይ ስለሚታይ ነጭ ለብሶ ገበያ መውጣት ቀርቶ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን በጭቃ ውሃ እየነከሩ ያደበዝዙት ነበር። እኔም ይህን አጥብቄ ይዤ የመንደሩ ሁሉ አስተማሪ ሆኜ አረፍኩት።

አንድ የገበያ ቀን ከአያ ይመር ጋር በርበሬ ይዘን ስንሄድ የአውሮፕላኑ ድምፅ መጣ። መንገደኛው ሁሉ ወንዙ ዳር ወዳለው የግራር ጥሻ ገብቶ፣ ሰው በሰው ላይ ተነባብሮ፣ ትንፋሹን ዋጠ። አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ሜዳውን አቋርጣ ወደ እኛ ስትሮጥ አየሁ። ነጭ ነጠላ ለብሳለች፤ ለሰርግ የታጠበ የሚመስል። ከሩቅ የመጣች መሆን አለባት፣ የእኛን ሰፈር ነገር አላወቀችም።

«ነጭ ለብሳለች! አታስገቧት!» ብዬ ጮህኩ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዝም በይ ያለኝ የለም። እንዲያውም አንዱ «እውነቷን ነው፣ ልታስጨርሰን ነው!» አለ፤ ሌላው «ወደዚያ! ወደዚያ!» እያለ ዱላ አነሳባት። ሴትዮዋ ጥሻው አፍ ላይ ደርሳ ቆመች። ድምፁ ጆሮ ይደፍን ስለነበር የምትለውን አልሰማሁም፤ አፏ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየሁት።

አያ ይመር ከጎኔ ተነሱ። የደረቡትን ጥቁር ባና፣ ያን ወፍራም የበግ ጠጉር ልብሳቸውን፣ አውልቀው ሴትዮዋን ከነልጇ ሸፈኗትና እሳቸው በነበሩበት ቦታ፣ ከአጠገቤ ወሸቋት። ከባናው ሥር የለበሱት ነጭ ጀለቢያ ነበር። ሰዉ አሁን ወደ እሳቸው ዞረ።

«አትድከሙ፣ እኔው እወጣለሁ» አሉ። ከዘራቸውን ጥለው፣ ስድሳ ያለፋቸው ሰው፣ ከጥሻው እየራቁ በሜዳው ላይ ሮጡ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ምድር ተንቀጠቀጠች፤ አፈር በግራሩ ላይ ዘነበ። አያ ይመርን ገደልኳቸው አልኩ በልቤ። የተመታው ግን ከወንዙ ማዶ ያለው ገበያ ነበር። እዚያ ያለቀውን ሰው ዛሬም ማውራት አልችልም። አያ ይመር አፈር ለብሰው ተመለሱ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ አሁንስ ነጭ አይደለሁም» ብለው ሊያስቁን ሞከሩ።

ሴትዮዋ ባናውን አጣጥፋ ለእኔ ሰጠችኝ። ማን እንደጮኸ አላየችም። ግንባሬን ስማ «አላህ ያሳድግሽ የኔ ልጅ፣ ተጠግተሽ ቦታ ሰጠሽኝ» አለችኝ። አያ ይመር ቀና ብለው አዩኝና በርበሬውን ተሸከሙ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ማታ ተረት ነገሩን፤ የበሬዎቹን ግን አንድም ቀን አላነሱትም። ቢቆጡኝ ምንኛ በቀለለኝ!

ዛሬ ደሴ ፒያሳ ጨርቅ እሸጣለሁ። የቦንቡ ድምፅ ከጆሮዬ ጠፍቷል፤ ግንባሬን የሳመኝ የዚያች ሴት ከንፈር ግን ያቃጥለኛል። ለልጆቼ ታሪኩን ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ የአያ ይመርን ጀግንነት ይወዱታል። ታናሿ ብቻ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ታስቆመኛለች።

«እማ፣ አታስገቧት ያለው ክፉ ሰው ማን ነበር?»

«እንጃ ልጄ፣ ብዙ ሰው ነበር» እላታለሁ።