ልጄ የሮጠችበት ፎቶ

ባለፈው ጁምዓ እዚህ ሪያድ፣ ባጥሐ ገበያ ላይ አንድ ሻጭ የሳሙና አረፋ እየነፋ ሕፃናት ሲያባብል፣ አንዱ አረፋ በነፋስ መጥቶ አባያ ቀሚሴ ላይ ፈነዳ። ሽታው የተራ ሳሙና ነው። እኔን ግን ከዓመታት በፊት እሠራበት ወደነበረው ቤት ግቢ ይዞኝ ሄደ።

ገና ልጅ ነበርኩ፤ ልጅ ያላት ልጅ። ሴት ልጄን ወሎ፣ ታላቅ እህቴ ዘንድ ትቼ ሪያድ ሰው ቤት እሠራ ነበር። አንድ ቀን ከአገር የመጣች ሴት፣ "ልጅሽ ታማ መራመድ አቅቷት ነበር አሉ፤ ተሻላት?" አለችኝ። እኔ የሰማሁት ነገር አልነበረም። እህቴ ጋ ስደውል፣ "አብሽሪ፣ ወላሂ ደህና ናት፤ ፎቶዋን እልክልሻለሁ" አለችኝ።

ፎቶውንስ ትልክ ነበር። ግን በእኛ ሰፈር ልጅ ፎቶ የሚነሳው እንደ ሙሽራ ነው፤ ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ። ልጄ በሁሉም ላይ ወይ ቆማለች ወይ ተቀምጣለች። ኔትወርኩ ደግሞ ቪዲዮ የሚባል አያሳልፍም። ግድግዳው ይሆን ደግፎ ያቆማት እያልኩ እግሯን ብቻ አስፍቼ አይ ነበር። በጣም ፈርቼ ነበር።

ለዒድ አሠሪዬ ማዳም ልጆቿን ፎቶ የምታነሳ ሶርያዊት አስመጣች። ማዳም "ሳቁ፣ ያላ" ባለች ቁጥር ልጆቹ ክችች አሉ። ፎቶ አንሺዋ ሣሩ ላይ ተንበርክካ የሳሙና አረፋ ነፋች። ልጆቹ አረፋውን ሲያባርሩ የከሰዓቱ ፀሐይ ፀጉራቸው ላይ ያበራ ነበር፣ ካሜራዋም ቀጭ ቀጭ ይላል። ሻይ ሳቀርብላት ልጄን እንዲህ ማንሳት እንዴት እንደሚቻል ጠየቅኳት። "እይኝ አትበያት። የምትወደውን ስጫት፣ እስከ ቁመቷ ዝቅ በይ፣ ከዚያ ዝም ብለሽ ደጋግመሽ ተጫኝ" አለችኝ።

ያንኑ ለእህቴ ነገርኳት። ቅር አላት።

"በቆሻሻ ልብሷ? ሰው ምን ይላል?"

"እትዬ፣ የማያት እኔ እንጂ ሰው አይደለም" አልኳት።

በገበያ ቀን ከተማ ወጥታ ላከችልኝ። አንዱ የራሷ አውራ ጣት፣ ሌላው የጎረቤት በግ ቂጥ ነበር። በመጨረሻ ልጄ መጣች፤ ባዶ የዘይት ጀሪካን በገመድ እየጎተተች፣ አፏን ከፍታ፣ ሁለቱም እግሮቿ ከመሬት ተነሥተው። ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማዳም ደንግጣ መጣችና ስልኩን አይታ፣ "ይሄ እኮ ደብዝዟል" አለች።

"የደበዘዘው ስለሮጠች ነው፣ ማዳም" አልኳት። አልሐምዱሊላህ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ እፎይ አልኩ።

ከፎቶው ጋር የእህቴ የድምፅ መልእክትም ነበረ፤ የሰማሁት ሳህን አጥቤ ስጨርስ ነው። "እውነትም ክረምቱን ታማብኝ ነበር፤ በሰው አገር እንዳትሳቀቂ ብዬ ነው የደበቅኩሽ። ይኸው ድናለች። እንዳልሽው ተንበርክኬ ነው ያነሳኋት፤ 'እማዬ፣ ያዢኝ' እያለች ስትመጣ..." አለች። ቀጥላም፣ "እማዬ የምትለው እኔን ነው። አትቀየሚኝ፣ እህቴ" አለች።

አልተቀየምኳትም። ስልኩን አፌ ላይ አስጠግቼ፣ "ታዲያ ያዝሻት?" ብቻ አልኳት።