የክላውዲ ጥቁር ልጆች

እሁድ ከቸርች ስንወጣ እትዬ ብርቄ ፓርኪንጉ ላይ ክንዴን ያዝ አደረጉና፣ ማንም እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከነዚያ ዶሮዎችሽ አንዷን ስጪኝ» አሉኝ። ደስታው እስካሁን አልለቀቀኝም። እትዬ ብርቄ እኮ ናቸው! ማለቴ፣ የዶሮዎቼ ነገር ሲነሳ «በኢየሱስ ስም!» ይሉ የነበሩት ሴትዮ።

ልጅ እያለሁ፣ ኤለመንታሪ ስማር፣ ቴክሳስ፣ ዩለስ ከተማ ያለው የቤታችን ጓሮ ውስጥ ከአንድ የዛገ ብስክሌት በቀር ምንም አልነበረም። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ወሬ እናቆማለን፤ ሲያልፍ ካቆምንበት እንቀጥላለን። አባዬ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭን ነበር። ፋሲካ ሲደርስ ፎርት ዎርዝ ድረስ ነድቶ ሁለት ዶሮ በካርቶን ይዞ መጣ። አንድ ሰውዬ ቤት ሊቀይር ስለነበር በርካሽ ሸጠለት። ካርቶኑን ስንከፍተው ግን ዶሮ ዶሮ አይሉም። ላባቸው እንደ ተነደፈ ጥጥ ነው። ሴቷ ጥቁር ናት። አውራው ደግሞ ቴክሳስ ዝናብ ሊመጣ ሲል ሰማዩ እንደሚሆነው ነው፤ ግራጫ ሆኖ ሐምራዊ ነገር ጣል ያለበት። አባዬ ላባውን ገለጥ ቢያደርገው ቆዳው ጥቁር! እማዬ አንዴ አየችና «ይሄ እኔ ድስት ውስጥ አይገባም» አለች። ሶ፣ በዓሉን በግሮሰሪ ዶሮ አሳለፍነው፤ ሁለቱ ለእኔ ተረፉ።

አባዬ ገጠር ስላደገ የዶሮ ቀለም ያውቃል። አውራውን እያገላበጠ «ገብስማ አውቃለሁ፣ ወሰራ አውቃለሁ፤ ለዚህ ግን ስም የለኝም» አለኝ። ከላይብረሪ ባወጣሁት መጽሐፍ ዘራቸው ሲልኪ፣ ቀለሙ ላቬንደር እንደሚባል አነበብኩ። እኔ ክላውዲ፣ ደመናማው፣ አልኩት። ፀሐይ ሲሞቅ ቆይቶ ሳቅፈው፣ ገና ከማድረቂያ የወጣ ፎጣና ደረቅ ሣር ይሸት ነበር። እንደሱ ያሉ ጫጩቶች ጓሮውን ሞልተውት በሐሳቤ አያቸው ጀመር። ጥቁሯ እንቁላሎቿን ስትታቀፍ ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ እመጣ ነበር።

ተፈለፈሉ። ሁሉም ጥቁር! አለቀስኩ። ከዚያ መጽሐፉን እንደገና ሳነበው ነገሩ ገባኝ። ላቬንደር ከእናትም ከአባትም ካልመጣ አይታይም። ከአንዱ ብቻ ከመጣ ጥቁሩ ሥር ተደብቆ ይቀመጣል፤ ጫጩቶቹ አድገው ራሳቸው ሲፈለፍሉ ብቅ ሊል ይችላል። መጠበቅ ብቻ ነበር።

እማዬ ግን መጠበቅ አልቻለችም። ቅዳሜ የጸሎት ፕሮግራሙ እኛ ቤት ነበር። እዚህ ያደጋችሁ፣ ቤታችሁ እንግዳ ሲጠራ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ ማንም የማያየው ቁም ሳጥን ሳይቀር ይጸዳል። እኛ ቤት ደግሞ ጥቁር ዶሮ ከነቤተሰቡ አለ። አገር ቤት ጥቁር ዶሮ አምጡ የሚለው ጠንቋይ ነው። «ሰው ምን ይላል? ቤቴን የጠንቋይ ቤት አስመሰልሽው እኮ!» አለች። አባዬ ለሥራ ጓደኛው ሊሰጣቸው ተስማማ። ሰውየው ቅዳሜ ማታ ሊወስዳቸው ስለሆነ እስከዚያው ጋራዥ ውስጥ ዘጋሁባቸው።

በደንብ አልዘጋሁትም መሰለኝ። ሁሉም ዐይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ፣ እኔ በጣቶቼ መሃል ሳይ፣ አንዷ ጫጩት ቱስ ቱስ እያለች ምንጣፉን አቋርጣ እትዬ ብርቄ ጭን ላይ ወጣች። ሲልኪ እንደዚያ ናት፤ ጭን ካየች አታልፍም። እትዬ ብርቄ ዐይናቸውን ሳይገልጡ ይደባብሷት ጀመር። የነጠላቸው ጫፍ መስሏቸው ይሁን አላውቅም። አሜን ተባለ።

«በኢየሱስ ስም! አልማዝ፣ ይሄ ምንድነው?»

እማዬ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ይላት ነበር። «የልጅቷ ነው እትዬ፤ ዛሬ ይሄዳሉ፣ ሁሉም ይሄዳሉ» አለች።

በትልልቅ ሰዎች ፊት አማርኛ ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ይስቁብኛል ብዬ። ያን ቀን ግን ዝም ብል መሄዳቸው ነው። «እትዬ፣ ጥቁር ብቻ አይደለችም። የአባቷ ቀለም ውስጧ አለ። ልጆቿ ላይ ይወጣል። ዛሬ ከሄደች ግን መቼም አናየውም» አልኩ። «አባቷን ላምጣልዎት?»

«ተዪ ተዪ፣ አንዷ ትበቃኛለች!»

አንዱ ሳቀ። አውሮፕላን መጣ፤ ሁላችንም እስኪያልፍ ጠበቅን። ጫጩቷ ጭናቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ሲያልፍ እትዬ ብርቄ እሷን እያዩ፣ «የኔ ልጅ እኔን አትመስልም። ወገኖቼንም አትመስልም። አሁን የወለደቻት ግን ቁርጥ እናቴን! ስትኮሳተር ሳይቀር» አሉ። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረው «እስኪ ተያቸው። ሲወልዱ እንየው። ይቺን ግን ከላዬ ላይ አንሱልኝ» አሉ። እትዬ ብርቄ ካሉ እማዬ እምቢ አትልም።

በዓመቱ አንድ ጠዋት እማዬ በፒጃማዋ ጓሮ ቆማ «ነይ! ነይ ቶሎ!» እያለች ጮኸች። ከጥቁሮቹ መሃል አንዲት የዝናብ ሰማይ የመሰለች ጫጩት አንገቷን አወጣች።

አሁን ሀይስኩል ገብቻለሁ። ክላውዲ አርጅቷል፤ አጥሩ ሥር ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል፤ ሳቅፈው ግን ያው ፎጣ ፎጣ ይሸታል። ያኔ ያለቀስኩት ለቀለሙ ነበር። አሁን አዲስ ሲፈለፈል መጀመሪያ የማነሳው ጥቁሮቹን ነው፤ ምን እንደያዙ ስለማይታወቅ።

እትዬ ብርቄን እሁድ ዕለት «ላቬንደሯን ልስጥዎት?» ብላቸው፣ «እሷማ ስትቆሽሽ ያስታውቅባታል። ጥቁሯን ስጪኝ፤ ለልጅ ልጄ ነው» አሉኝ። ያቺ ኮስታራዋ!

ቅዳሜ ከሰዓት ሊወስዷት ይመጣሉ። እናንተም ኑ። አባዬ ለክላውዲ ቀለም እስካሁን ስም አላገኘም፤ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ። ከሌላችሁም ግድ የለም። ሣሩ ላይ ቁጭ በሉና ዐይናችሁን ጨፍኑ። የቀረውን ዶሮዎቹ ያውቁበታል።