የጣሳና የሲሚንቶ ስፖርት ቤታችን

ባለፈው ሳምንት አዲስ ሕንጻ በሚሠራበት በኩል ሳልፍ አንድ የቀን ሠራተኛ አሸዋና ሲሚንቶ በአካፋ እያገላበጠ ውሃ ሲያፈስበት፣ ያ ቀዝቀዝ ያለ፣ አፈር አፈር የሚል የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ባለሁበት ቆምኩ። ሠራተኛው ሰው የምፈልግ መስሎት ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ግን በሐሳብ መርካቶ ደርሻለሁ፤ ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ፣ ተወልጄ ያደግኩበት ግቢ ውስጥ ነኝ።

ግቢያችን ጣራቸው የተያያዘ የቀበሌ ቤቶች በአንድ የውሃ ቧንቧ ዙሪያ የተኮለኮሉበት ነበር። አጠገባችን የበርበሬ ወፍጮ ስላለ ነፋሱ ወደኛ በዞረ ቁጥር ሕፃን አዋቂ ሳይል ሁሉም ያነጥሳል፤ እንግዳ ሲመጣ ግቢውን በሙሉ ጉንፋን የጣለው ይመስለዋል። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፣ ቪዲዮ ቤት በየቅያሱ ተከፍቷል፣ እኔና ከድር ደግሞ የእነዚያ ቪዲዮ ቤቶች ዋና ደንበኞች ነበርን። ከድር በአንድ የጭቃ ግድግዳ የምንለያይ ጎረቤቴና የልብ ጓደኛዬ ነው። አንድ ቀን በትከሻው በር የሚገነጥል ደረተ ሰፊ ሰውዬ አይተን ወጣንና ክንዳችንን ብንለካካ፣ የሁለታችን ተደምሮ የሰውዬውን አንድ ክንድ አይሞላም።

ወደ ተክለ ሃይማኖት በኩል እውነተኛ ብረት ያለው ስፖርት ቤት ነበር፤ ክፍያው ግን ከአቅማችን በላይ ስለሆነ የራሳችንን ለመሥራት ወሰንን። ከምናለሽ ተራ፣ አሮጌ ብረታ ብረት ከሚሸጥበት፣ ዝገት የበላው የውሃ ቧንቧ ይዘን መጣን። ጣሳ ከየቤቱ ለመንን፤ እናቴ ሽሮ የምታስቀምጥበትን ትልቁን የዱቄት ወተት ጣሳ የሰጠችን ስንት ቀን ከኋላዋ ስንዞር ከዋልን በኋላ ነው። ወለሉን ያስለሰነ ጎረቤት የተረፈውን ሲሚንቶ ሰጠን። ጣሳው መሐል ቧንቧውን አቁመን፣ ሲሚንቶውን ሞልተን፣ በድንጋይ ደግፈን እንዲደርቅ ተውነው፤ ሲደርቅ ገልብጠን በሌላኛው ጫፍ ሌላ ጣሳ ልንሞላ። ትዕግሥት ግን አልነበረንም፤ ገና ሳይደርቅ ብናነሳው ሲሚንቶው እንደ ገንፎ ዘርገፍ ብሎ እግራችን ላይ ወደቀ። በሁለተኛው ሙከራ ደረቀ፣ ግን የአንዱ ወገን ጣሳ ከሌላው ይበልጥ ነበርና ከድር እሱን ሲያነሳ ሰንብቶ አንድ ትከሻው ዘንበል ብሎ መሄድ ጀመረ። እናቴ በር ላይ ቆማ አየችውና «ይሄ ልጅ ምን ነካው? ጋኔን መትቶት ነው?» አለች። ሦስተኛው ተሳካ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመን። ከአትክልት ተራ የቲማቲም ሳጥን እንጨት አምጥተን ቤታችን በረንዳ ላይ የምንተኛበት አግዳሚ መታን፤ እናቴም የሚያቆመን እንደሌለ ስታውቅ ጨርቅ ጠቅጥቃ ትራስ የመሰለ ልባስ ሰፋችለት። ከመኪና ጎማ ውስጥ የወጣ የከመነዳሪ ላስቲክ ሰንጥቀን የሚለጠጥ መጎተቻ አደረግን። የቡጢ መለማመጃውን ግን ከከድር አባት መጋዘን በተጣለ ጆንያ ሠራነው፣ ሰጋቱራ ሞልተን ጣራው ማገር ላይ ሰቀልነው። ጆንያው ለካ በርበሬ የነበረበት ነው። አንድ ቡጢ ባረፈበት ቁጥር ቀይ ብናኝ ቡን ይላል፤ መቺውም ተመልካቹም እንባውን እየጠረገ ይበተናል። ብናራግፈው ብናራግፈው አላልቅ አለ።

የከድር አባት ጋሼ ሱሩር በርበሬ በረንዳ የታወቁ የጅምላ ነጋዴ ነበሩ። ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው በተሸካሚነት የጀመሩ፣ ጆንያ በአንድ እጅ ከፍ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ወደ ሱቅ ሲወጡ እኛ ስናቃስት ያዩና «ጉልበት ከተረፋችሁ መጋዘኔ ጆንያ ሞልቷል፤ ኑና አራግፉ» ብለው ያልፋሉ።

አንድ ጠዋት የሱቃቸውን በር ሲከፍቱ ወደቁ። ሆስፒታል ሰንብተው ሲመለሱ እግራቸው ይራመዳል፣ አንደበታቸው ደህና ነው፣ ቀኝ እጃቸው ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። ሐኪሙ እጁ በየቀኑ ካልተንቀሳቀሰ እንደዚሁ ይቀራል ብሏል። ጋሼ ሱሩር ግን መጋረጃቸውን ጥለው ቤት ተቀመጡ። ከሁሉ የከበዳቸው ሰላምታው ነበር፤ ሰው ሊጠይቃቸው ገብቶ እጁን ሲዘረጋ ግራቸውን መስጠት ነውር ሆነባቸው፣ ቀኙ አልታዘዝ አላቸው። ጠያቂ ሲመጣ ተኝተዋል ይባል ጀመር።

ከድር መሳቅ አቆመ። ከዚያ አንድ ከሰዓት ብረቱን አስቀምጦ «እኛ እዚህ ደረት እናወጣለን፣ አባቴ እዚያ ይደርቃል» አለኝ። በማግሥቱ ምናለሽ ተራ ሄደን ገመድ የሚሽከረከርበት ትንሽ የብረት ጎማ ፈልገን አገኘን። በረንዳችን ማገር ላይ ሰቅለን ገመድ አሳለፍንበት፣ በሁለቱም ጫፍ ከመጥረጊያ እንጨት የተቆረጠ መያዣ አሰርን። ደህናው እጅ ወደ ታች ሲስብ የታመመው ወደ ላይ ይወጣል። ከትንሿ የቲማቲም ድልህ ጣሳም የሕፃን መጫወቻ የምታክል ክብደት ሠራን። ጋሼ ሱሩር በመጋረጃው ቀዳዳ አዩትና «በስተርጅና የግቢው መሳቂያ ልሁን?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ነገሩን የጨረሰችው እናቴ ናት። በማግሥቱ በርጩማዋን ገመዱ ሥር አስቀምጣ፣ ፊቷን ወደ ጋሼ ሱሩር በር አዙራ ገመዱን መሳብ ጀመረች።

«እትዬ ብርቄ፣ ስፖርተኛ ሆኑ እንዴ?» አሉ ከመጋረጃው ጀርባ።

«ምን ላድርግ ጋሼ ሱሩር፣ ትከሻዬ አስቸገረኝ። ግን ለብቻዬ ስስበው ያበድኩ እመስላለሁ። ወጥተው አጠገቤ ቢቀመጡልኝ ምን አለበት?»

 ከዚያ መጋረጃው ተገለጠና ወንበራቸውን በግራ እጃቸው እየጎተቱ ወጡ። መጀመሪያ ተቀምጠው ብቻ አዩ፤ ቆይተው እናቴ አያያዟ ልክ እንዳልሆነ ነገሯት፤ ቆይተው ሊያሳዩዋት ተነሱ። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ሱሩር የአስር ሰላታቸውን ከሰገዱ በኋላ ሁለቱ በየተራ እየሳቡ፣ ስለ በርበሬ ዋጋና ስለ ዘገየው ዝናብ እያወሩ፣ ወፍጮው ሲጀምር አብረው እያነጠሱ ያመሻሉ። ሌሎቹ ጎረቤቶችም ወንበራቸውን ይዘው ተጨመሩ። እኔና ከድር በገዛ ስፖርት ቤታችን ወረፋ ጠባቂ ሆነን ቀረን፤ ጡንቻችንም ያኔ እንደጀመረ ቆመ።

ወራት አለፉ። በአረፋ ጠዋት እንኳን አደረሰዎ ልላቸው ስገባ እንደለመድኩት በሩ ላይ ጎንበስ አልኩ። ጋሼ ሱሩር በነጭ ጀለቢያ ተነስተው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጣቶቹ ቀስ እያሉ በእጄ ላይ ተከደኑ።

«ጠበቅ አድርገህ ጨብጥ» አሉኝ፤ «አይሰበርም።»

ከኋላዬ የነበረችው እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና በበርበሬው ወፍጮ አመካኘች። ወፍጮው ለበዓሉ ዝግ ነበር።

ያ እጅ ዳግመኛ ጆንያ አላነሳም። ሱቃቸውን ግን ተመልሰው ከፈቱ፣ ዛላ በርበሬ በጣታቸው ሰብረው አሸተቱ፣ የመጣውን ሁሉ ጨበጡ፤ እንደዚህ ብዙ ዓመት ኖረው አረፉ። ከድር የአባቱን ንግድ ይዞ ሐዋሳ ገባ። ግቢያችን ለልማት ሲፈርስ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ፤ ድንገት ለቅሶ ቤት ካልተገናኘን ማን የት እንዳለ አናውቅም።

እናቴ አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ዘንድሮ ትከሻዋ የእውነት ታመመና ከስፖርት ዕቃ መደብር ያንኑ ዓይነት መሳቢያ ገዛሁላት፤ መያዣው ስፖንጅ፣ ጎማው ድምፅ የማያሰማ። ጥቂት ቀን ሳበችውና ተወችው። ምነው ስላት ወደ ተዘጋው የጎረቤት በር አየችና «ከማን ጋር እያወራሁ ልሳበው?» አለችኝ።

 ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና ዘንድሮ በርበሬ ስንት እንደገባ ጠየቅኋት።