መሳቢያ ውስጥ የኖረው ልብስ

ሲቢሪ የተወለደው ከኩዱጉ ከተማ አጠገብ ካለች የማሽላ አገር መንደር ነው። እናቱ በልጅነቱ ስለ ሞተችበት ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ ላሙሳ ናት፤ ጥጥ እየፈተለች፣ ፈትሉን ገበያ እያወጣች አስተማረችው። ትምህርት ቤት የገባ ዕለት የለበሰውም እርሷ ፈትላ የመንደሩ ሸማኔ የሠራውን ወፍራም እጀ ጠባብ ነበር። በዚያ አገር ሬሳ የሚገነዘው እንዲህ ባለው የእጅ ሥራ ጨርቅ ነውና የከተማ ልጆች፣ “ይኼ ደግሞ ከመቃብር አምልጦ ነው የመጣው” እያሉ ሳቁበት። ያ ሳቅ ከሲቢሪ ጆሮ አልጠፋም። አድጎ በዋና ከተማው በዋጋዱጉ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሲሆን በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛው ከባሕር ማዶ የመጣ ነጭ ሸሚዝ ነበር።

ኋላ ዘመኑ ተለወጠ። አዲሱ መንግሥት ጥጣችንን በርካሽ ሸጠን፣ ጨርቁን በውድ እየገዛን የምንኖረው እስከ መቼ ነው አለና፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የአገር ጥጥ እንዲለብስ አዘዘ። በየመንደሩ የሴቶች የሽመና ማኅበር ተቋቋመ። ላሙሳም መፍተሉን ትታ ሽመና ገባች፤ ከእጇ የወጣውን የመጀመሪያውን ልብስ፣ ሰማያዊ መስመር ያለበትን፣ አሰፍታ ለወንድሟ አመጣችለት።

“ዕድሜ ይስጥሽ፣ እትዬ” አለና ተቀበላት። በማግሥቱ ወስዶ የመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

እንዲህ የሚያደርገው እርሱ ብቻ አልነበረም። ትእዛዙ መከበሩን የሚያይ ተቆጣጣሪ ብቅ ሲል ዘበኛው መስኮቱን በዱላው ቆርቆር ያደርጋል፤ ያን ጊዜ መሳቢያው ሁሉ ይከፈታል፣ ቢሮው በአንድ አፍታ የአገር ጥጥ ይለብሳል። እንግዳው ሲሄድ ልብሱም ወደ መሳቢያው ይመለሳል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዘበኛው ከራሳቸው እስከ እግራቸው የአገር ጥጥ የለበሱ ሦስት ሰዎች በግቢው በር ሲገቡ አየ። እንዲህ ለብሶ የሚመጣ ከበላይ የተላከ እንጂ ሌላ ማን ይሆናል ብሎ መስኮቱን መታ።

“ቶሎ በል፣ አንተ የሞሲ አህያ” አለው ባልደረባው ቶዬ፣ አንድ እጁን እጅጌ ውስጥ እየከተተ። ቶዬ የሳሞ፣ ሲቢሪ የሞሲ ጎሣ ሰው ነው፤ ሁለቱ ጎሣዎች ደግሞ ሳይቀያየሙ መሰዳደብ ደንባቸው ነው።

“ዝም በል፣ ውሻ በላ። ቁልፍህን አዛንፈሃል” አለው ሲቢሪ፤ የራሱንም በነጩ ሸሚዝ ላይ ደረበው።

በሩ ተከፈተ። የገባችው ላሙሳ ነበረች፤ ከኋላዋ ሁለት የማኅበሯ ሴቶች ተከትለዋታል። ጨርቅ ሊያስረክቡ ከተማ መጥተው፣ “የሠራሁትን ልብስ ወንድሜ ቢሮ ለብሶት ታያላችሁ” ብላ ይዛቸው መምጣቷ ነበር።

“ያውላችሁ፣ አላልኋችሁም?” አለችና ድምፅዋ ተቆረጠ። የተከፈቱትን መሳቢያዎች አየች። በልብሱ ላይ የእጥፋቱ መስመር እንዳለ ነው፤ ከአንገቱ ሥር ነጩ ኮሌታ ወጥቷል።

“ምነው፣ እዚህ ቤት ሰው የሚለብሰው እንግዳ ሲመጣ ነው?” አለች አንደኛዋ ሴት።

ሲቢሪ መሳቢያውን በጉልበቱ ገፋ አድርጎ ዘጋ። ተረበኛው ቶዬ እንኳ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

“እኔ ነኝ ያዘዝሁት” አለች ላሙሳ። “የዚህ አገር አቧራ መቼ ልብስ ያስለብሳል? ሥራህ ቦታ አኑረውና እዚያ ልበሰው ብዬው ነው።” ቀረብ ብላ፣ አቧራ የምታራግፍለት መስላ፣ ነጩን ኮሌታ በጣቷ ወደ ውስጥ አስገባችለት።

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። እኅቱ በሰው ፊት ዋሽታ የማታውቅ ሴት ናት።

ወደ መኪና መሳፈሪያው ሲሸኛቸው ሁለቱ ሴቶች ቀደም ቀደም አሉ።

“እትዬ፣ ያኔ ትምህርት ቤት…”

“አውቃለሁ። እያለቀስህ ስትመጣ ዕንባህን የጠረግሁት እኔ አይደለሁም?” አለችው። “ያን ጊዜ ልጅ ነበርህ፣ ፈረድሁልህ። አሁን ምን ልበል?”

“ሌላ ሥሪልኝ። ከቤቴ ጀምሮ እለብሰዋለሁ።”

“ይኼ መቼ ተለበሰና?” አለችና ወደ ጓደኞቿ ሄደች።

በማግሥቱ ሲቢሪ ልብሱን ለብሶ በሞተር ብስክሌቱ ከተማውን አቋርጦ መጣ።

“ዛሬ ደግሞ ማን ሊመጣ ነው?” አለው ቶዬ።

“ማንም።”

ከዚያ በኋላ ሌላ ለብሶ አልታየም። እኅቱ ግን ስለ ልብስ ዳግመኛ አላነሣችም፤ እርሱም እንደገና ሊለምናት አፉ አልታዘዝ አለው። ያ ልብስ ክርኑ ላይ ሲሳሳ የእኅቱ ማኅበር ጨርቅ ከሚያስረክብበት ሱቅ እንደ ማንም ሰው ተሰልፎ ሌላ ገዛ። የማን እጅ ሥራ እንደ ሆነ ሊጠይቅ ፈልጎ አፍሮ ተወው።