አርባ ስምንት ጉድጓድ በሽሮ ሜዳ

አቶ ኃይለ መለኮት እንግዳ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ለማንም «አይሆንም» ብለው አያውቁም። ደግ ስለነበሩ ነው ማለቴ አይደለም፤ ደግ ሰውም አንዳንዴ አይሆንም ይላል። እሳቸው ግን የከተማው የፕላንና የኅብረተሰብ ልማት መምሪያ ኃላፊ ነበሩ፤ ዘመኑ ደግሞ የደርግ ነበር። በዚያ ወንበር ተቀምጦ አይሆንም ያለ ሰው በማግሥቱ ወንበሩን ብቻ ሳይሆን መነጽሩንም ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ የራሳቸውን ዘዴ ፈጠሩ። ከላይ የመጣ ትእዛዝ ሁሉ ግሩም ነው ይባላል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከዚያ «ጥናት ላይ ነው» ተብሎ ጠረጴዛቸው ሦስተኛ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። አብሬያቸው በሠራሁባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ከዚያ መሳቢያ ወጥቶ ሥራ ላይ የዋለ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው።

እኔ ንግሥት እባላለሁ፤ የመምሪያው ፕላን ነዳፊ ነበርኩ። ጠረጴዛዬ ከሳቸው በር አጠገብ ስለነበር ባለጉዳይ መመለሱም የኔ ሥራ ሆነ። ማንም አልቀጠረኝም ለዚያ፤ በቃ በሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው በረኛ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ ዓመት የጉለሌ በሮች በሙሉ ለአብዮት በዓል ቀይ ይቀቡ የሚል ትእዛዝ መጣ። አቶ ኃይለ መለኮት «እጅግ ግሩም ሐሳብ ነው» አሉና ምን ዓይነት ቀይ እንደሚሻል የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው የበርበሬ ቀይ በሚሉና የጡብ ቀይ በሚሉ ለሁለት ተከፈለ። የጡብ ቀይ ወገን ሊያሸንፍ ሲል በዓሉ አለፈ። የእናቴ በር እስከ ዛሬ ሰማያዊ ነው።

አቶ ኃይለ መለኮት ተወልደው ያደጉት እዚያው ጉለሌ ነው። አባታቸው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ዘበኛ ነበሩ፤ ልጅየው ደግሞ እንጨት ለሚለቅሙት ሴቶች «ዛሬ አባባ በወዲያኛው በኩል ነው» እያለ የሚጠቁም። ይህን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ ያለ አንዳች ኀፍረት። ከዚያ ተምረው፣ ባለሙያ ሆነው፣ ከረባት አስረው መምሪያው ገቡ። ጫማቸው ሁልጊዜ እንደተወለወለ፣ እርሳሳቸው ሁልጊዜ ጆሯቸው ላይ እንደተሰካ ነው። ግን አንድ ነገር ያንገበግባቸው ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ በወረቀት ላይ ሁለት መቶ መንገድ አውጥተዋል፤ በመሬት ላይ አንድም።

ለዚህ ነው የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች አዳራሽ ነገር ሲመጣ ልባቸው የጠፋው። ሐሳቡ የራሳቸው ነበር። አርባ ስምንት የማኅበሩ ሸማኔዎች በየጠባብ ቤታቸው ዓይናቸውን ከሚያጠፉ፣ ሰፊና ብርሃን ያለው አዳራሽ ውስጥ አንድ ላይ ቢሠሩስ? ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቸው ወረቀት ግድግዳ አወጣ። መስኮቱ ትልልቅ፣ ቆርቆሮው አዲስ፣ ወለሉ ደግሞ ሲሚንቶ፤ ያውም ተልሶ ተልሶ ፊት የሚያሳይ። ወለሉ የደረቀ ቀን ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ከዳር እስከ ዳር ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ። ልቤ ራራላቸው፤ ሳቄንም ዋጥኩት።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ሾዴ ይባላሉ፤ በወጣትነታቸው ከጨንቻ መጥተው ሽሮ ሜዳ የኖሩ፣ የሰባት ልጆች አባት፣ ስድሳ የተጠጉ ሰው። ያን ክረምት ሦስት ጊዜ በዝናብ ቢሯችን መጡ። «አቶ ኃይለ መለኮትን ስለ አዳራሹ ላነጋግር ነበር» ይላሉ፤ እኔም ቀና ሳልል «ጥናት ላይ ነው» እላለሁ። ባርኔጣቸውን አራግፈው አመስግነው ይሄዳሉ። ምን ሊሉ እንደመጡ እንኳ አልጠየቅኳቸውም። አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

ሕንጻው ሲያልቅ የአቶ ኃይለ መለኮት ምክትል ብርሃኔ የርክክብ ወረቀት አዘጋጀ። ብርሃኔ ወረቀት የሚወድ፣ ከወረቀት ሁሉ ደግሞ የሌላ ሰው ፊርማ ያለበትን የሚወድ ሰው ነው። «አዳራሹን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ተረክቤያለሁ» በሚለው ሥር አቶ ሾዴን አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክሮ አሳተማቸው።

ነሐሴ 25 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ አርብ። ምረቃው ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው ልምምድ እናድርግ ብለን ሄድን። በምረቃው ዕለት ከበላይ አካል የሚላክ ጓድ ይመጣል፣ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ይመጣል፣ አርባ ስምንቱም ሸማኔዎች ሲሠሩ ይታያሉ። ሸማኔዎቹ ዕቃቸውን ተሸክመው ገቡ፤ ገብተውም በሚያብረቀርቀው ወለል ላይ ቆሙ። አንዱ ወለሉን በእግሩ መታ መታ አደረገው።

«ምነው፣ ጀምሩ እንጂ» አሉ አቶ ኃይለ መለኮት።

አቶ ሾዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጌታዬ፣ እግራችንን የት እናድርገው?»

ለማያውቅ ልንገር። ሸማኔ የሚሠራው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ ነው። እግሮቹ ጉድጓዱ ውስጥ ሆነው ድሩን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን መርገጫ ይረግጣሉ፤ እጆቹ ከላይ መወርወሪያውን ይወረውራሉ። ያለ ጉድጓድ ሸማኔ የለም። ይህን በሽሮ ሜዳ የአራት ዓመት ሕፃን ያውቃል። የጉለሌው ተወላጅ የመምሪያ ኃላፊ ግን ረሱት። «ሸማኔ ያየሁት ሁልጊዜ በመንገድ ሳልፍ በበር በኩል ነው» አሉኝ በኋላ፤ «በበር በኩል የሚታየው ከወገብ በላይ ነው።» እኔስ? እኔም የጉለሌ ልጅ ነኝ፤ ወለሉን የነደፍኩት በገዛ እጄ ነው።

በመንገድ ላይ የአቶ ሾዴን ሦስት ምልልስ ለአቶ ኃይለ መለኮት ነገርኳቸው፤ ቢሮ ተመልሰን በሩን ዘጋን። ሦስት ነበርን፦ እሳቸው፣ ብርሃኔና እኔ። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ወለሉን ካልሰበርን አርባ ስምንት ሰው በእንግዳው ፊት እጁን አጣጥፎ ሊቆም ነው። ከሰበርን የመንግሥት ንብረት ማውደም ነው። ሁለቱም መንገድ የሚያደርሰው አሻጥር ወደሚባለው ክስ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ የሰፈራችን ሰው በተበላሸ የውሃ ፓምፕ ምክንያት በዚሁ ክስ አራት ወር ታስሯል።

ብርሃኔ የርክክቡን ወረቀት በጣቱ መታ። «ምን አስጨነቀን? ዝግጁ ነው ብሎ የተረከበ ሰው አለ። ይጠየቅ።»

«ሰባት ልጅ አላቸው» አልኩ።

«ታዲያ ሲያትም አያነብም ነበር?»

«ማንበብ አይችሉም፣ ብርሃኔ። ለዚህ አይደል ያተሙት?»

አቶ ኃይለ መለኮት እርሳሱን ከጆሯቸው አወረዱ፣ አዩት፣ መልሰው ሰኩት። ከዚያ ሦስተኛውን መሳቢያ ስበው በሁለት እጃቸው ይበረብሩ ጀመር። ከታች፣ ከቀዩ በር ጥናትም በታች፣ በምሥራቅ ድንበሩ ጦርነት ጊዜ የመጣ አንድ መመሪያ አወጡ፦ ማንኛውም የመንግሥትና የማኅበር ሕንጻ የአየር ጥቃት መጠለያ ጉድጓድ እንዲኖረው ያዛል።

«ጦርነቱ እኮ ካለቀ ቆየ» አለ ብርሃኔ።

«መመሪያውን የሻረው አለ? የለም። እንዲያውም ዘግይተናል!» ፊታቸው በራ። «ንግሥትዬ፣ ወረቀት ዘርጊ።»

ሥራው በማግሥቱ ጠዋት ተጀመረ። እኔ እያንዳንዱን ጉድጓድ አንድ ልክ አድርጌ ነድፌ ሄድኩ። አቶ ሾዴ ንድፉን አዩና በትሕትና ሳቁ። «እመቤት፣ የሁሉም ሰው እግር አንድ ነው እንዴ?» ስለዚህ ሜትር ይዤ የአርባ ስምንት ወንድ ቅልጥም ለካሁ። ሚስቶቻቸው በበሩ ተኮልኩለው «የሱን አሳጥሪው፣ ቤት እንዲውል!» እያሉ ሲሳለቁብኝ ዋሉ። ሸማኔዎቹ በዶማና በመዶሻ ያንን ፊት የሚያሳይ ሲሚንቶ ሲሰብሩት አቶ ኃይለ መለኮት ወደ ውጭ ወጥተው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ሠላሳ አንደኛው ጉድጓድ ውሃ አፈለቀ። ፕላኑ ላይ «የእሳት አደጋ መከላከያ» ብለን ጻፍንበትና ባለቤቱን ወደ ጥግ አዛወርነው።

ጳጉሜን 3፣ ቅዳሜ ጠዋት እንግዳው መጣ። ጓድ አዲሳለም ይባላል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ አንቱ ባልለው አይክፋችሁ። ካኪ ለብሶ፣ ሁለት ሰው አስከትሎ፣ ሪባኑን ቆርጦ ገባ። ሸማኔዎቹ በየጉድጓዳቸው ተቀምጠው መወርወሪያው ግራ ቀኝ ይላል። ጓድ አዲሳለም ግን ሥራውን ትቶ ጉድጓዶቹን አየ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«የአየር ጥቃት መጠለያ ናቸው፣ ጓድ» አሉ አቶ ኃይለ መለኮት። «በመመሪያው መሠረት።»

ጓዱ ጎንበስ ብሎ አየ። ሸማኔዎቹ ከወገብ በታች ጠፍተዋል፤ ከወገብ በላይ እንዳሉ ናቸው። «ከወገብ በላይስ?»

«ከወገብ በላይ ያመርታሉ፣ ጓድ።»

ከዚያ የሬዲዮው ጋዜጠኛ አጨበጨበ፤ እሱ ሲያጨበጭብ ሁሉም አጨበጨበ። እያመረቱ መከላከል፣ መፈክር ይመስላል! ጋዜጠኛው በማይክሮፎኑ «ለሌሎች አርአያ የሚሆን አዳራሽ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ተገላገልን ብዬ ተነፈስኩ።

ብርሃኔ ግን ፈሪ ነው። ነገሩ አንድ ቀን ቢወጣ የርክክቡን ወረቀት ማን አዘጋጀ መባሉ እንደማይቀር ያውቃል። ጣት ወደሱ ከመዞሩ በፊት ወደ ሌላ ሊያዞረው ወረቀቱን ይዞ ወደፊት ወጣ።

«ጓድ፣ እውነቱ ይነገር። ወለሉ የተሰበረው ለሸማኔ ጉድጓድ ነው። ዝግጁ ነው ብለው የተረከቡት ደግሞ እኚህ ሰው ናቸው።»

መወርወሪያዎቹ ሁሉ ቆሙ። ጓድ አዲሳለም ወረቀቱን አየ። «አሻራው የማን ነው?»

«የኔ ነው» አሉ አቶ ሾዴ፤ ከጉድጓዳቸውም ለመውጣት መሬቱን በእጃቸው ተደገፉ። ከአጃቢዎቹ አንዱ ወደሳቸው አንድ እርምጃ ሄደ። በሩ ላይ ከቆሙት ሴቶች መካከል የሚስታቸው ድምፅ ተሰማ፤ ቃል አልነበረም፤ ድምፅ ብቻ ነው።

«አሻራው የሳቸው ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ አቶ ኃይለ መለኮት። «እኚህ ሰው ክረምቱን ሦስት ጊዜ ሊያስጠነቅቁኝ መጥተው ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ከበሬ አስመለስኳቸው። ወለሉን ያሠራሁት እኔ፣ ያሰበርኩት እኔ፣ መጠለያ ነው ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

ከሳቸው አፍ እንዲህ ቀጥ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

«ውሸት ነው» አሉ አቶ ሾዴ። «እኔ ቢሮ አልመጣሁም።»

«መጥተዋል እንጂ!»

«አልመጣሁም፤ ቢሮዎን የት አውቄው?»

በዚያ ዘመን ጥፋት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲወረወር ነው የኖርኩት። ሁለት ሰው ሲሻሙበት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጓድ አዲሳለምም ግራ ገባው መሰለኝ፣ «ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወደ ጋዜጠኛው ዞሮ አየ። አርአያ የተባለው አዳራሽ በቴፕ ተቀድቷል፤ ለአርአያ አዳራሽ ደግሞ ሰው ማሰር አይመችም። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«አዳራሹ ሥራውን ይቀጥል። ሽማግሌውንም ተዉት። አንተ ግን ከሰኞ ጀምሮ በዚያ ወንበር ላይ እንዳላይህ። ብርሃኔ ይተካሃል።»

መኪናዎቹ ሄዱ። ብርሃኔም ከነሱ ጋር ሄደ። አቶ ኃይለ መለኮት ባዶ ጉድጓድ አፍ ላይ ቁጭ ብለው የተወለወለ ጫማቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። አቶ ሾዴ አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ለምን ዋሹልኝ፣ አቶ ሾዴ?»

«እርስዎስ ምነው ዛሬ እውነት ተናገሩ?»

ሁለቱም ሳቁ። «ያኔ ስለ ጉድጓዱ ሰምቼዎት ቢሆን ኖሮ...» ብለው ጀመሩ አቶ ኃይለ መለኮት።

«የመጣሁት ስለ ጉድጓድ አልነበረም።»

«ታዲያ ስለምን?»

አቶ ሾዴ ሊያስቀይሟቸው የፈሩ መሰሉ። «አዳራሹን አትሥሩልን ልል ነበር። እቤቴ ሚስቴ አጠገቤ ትፈትላለች፤ ልጆቼ ክሩን ያጠነጥኑልኛል፤ ጥለቱን ስስት እሷ ናት የምታየው። እዚህ አርባ ስምንት ወንድ ብቻ ተቀምጠን ማን ይፈትልልናል? እንግዳ ሲመጣ እንቀመጥበታለን፣ ግዴለም። ለእድርም ይሆናል።»

አቶ ኃይለ መለኮት መጀመሪያ ሳቁ፤ በጣም ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋና ፊታቸው የደከመ ሽማግሌ ፊት ሆነ። እኔ ዞር አልኩ፤ ሲያለቅሱ እንዳላይ። ሲናገሩ ግን ድምፃቸው ደህና ነበር።

«እሺ፣ ምን ቢሠራላችሁ ነበር የሚሻለው?»

«ውሃ» አሉ አቶ ሾዴ ወዲያው፣ ጥያቄውን ዓመት ሙሉ ሲጠብቁት እንደኖሩ። «ቦኖው ከታች ነው። ዳገቱ ሚስቶቻችንን ጨረሳቸው። አንድ ቧንቧ ወደ ላይ ቢወጣልን...»

አቶ ኃይለ መለኮት እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሰደው እርሳሱን አወረዱና ለኔ ሰጡኝ። «ጻፊ፣ ንግሥትዬ። ለውሃ ክፍል ይጻፋል፤ እኔ እፈርማለሁ። አቶ ሾዴ፣ ዳገቱ ከየት ነው የሚጀምረው?»

«ጌታዬ» አልኳቸው ቀስ ብዬ፣ «እርስዎ እኮ ከእንግዲህ ኃላፊ አይደሉም።»

«ከሰኞ ጀምሮ ነው ያለው» አሉኝ። «ዛሬ ገና ቅዳሜ ነው።»

ጻፍኩ። ቧንቧው ኅዳር ላይ ገባ።