በፌስታል የተጠቀለለው ሪሞት

ታክሲ ውስጥ ኮሜዲ መስማት እወዳለሁ። መንገዱ ሲዘጋጋ ሌላው ይናደዳል፣ እኔ እስቃለሁ። ያን ቀን ከካዛንቺስ ወደ ላንቻ ስሄድ ኡራኤል ጋ ቆምን። በስልኬ የምሰማው ኮሜዲያን ስለ እናቱ ያወራል፤ የቴሌቪዥኑን ሪሞት እንዳያረጅ በፌስታል ጠቅልለው፣ ሦስት ዙር በላስቲክ አስረውት፣ ቻናል ለመቀየር በጥርስ መጫን ሆኗል አለ። በቃ፣ ሳቄ አመለጠኝ።

አጠገቤ የተቀመጡ ሻርፕ የተከናነቡ እናት በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

«ምነው ልጄ፣ ብቻህን? ብቻን መሳቅ እኮ ብቻን እንደመብላት ነው።»

አፈርኩ። አንዱን ኢርፎን በሸሚዜ ጠርጌ ሰጠኋቸውና ቀልዱን ከመጀመሪያው አስጀመርኩት።

እኔ እየሳቅኩ በጎን አያቸዋለሁ፤ እሳቸው ፈገግም አይሉ። ሪሞቱ ጋ ሲደርስ ጭራሽ ግንባራቸው ተኮማተረ። ማለቴ፣ በሰው እናት ትስቃለህ ብለው የተቀየሙኝ መሰለኝና ተሳቀቅኩ።

«ላጥፋው እንዴ፣ እናት?»

«ተወው፣ ይጨርስ።»

እስኪያልቅ ሰምተው ኢርፎኑን መለሱልኝ። ቀጥለው ከቦርሳቸው ስልክ አወጡ፤ በፌስታል ተጠቅልሎ በላስቲክ የታሰረ። ፌስታሉን ሳይፈቱ ቁጥሮቹን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አድርገው ደወሉ።

«ሄሎ! አንተ ልጅ፣ ምን ያስዋሽሃል? መቼ ነው ሦስት ዙር ያሰርኩት? ሁለት ዙር ነው!»